«ዐረፉ» ወይስ «ሕይወታቸው አለፈ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። በቅርብ ከዚህ ዓለም የተለዩ ታዋቂ ሰዎችን በአጭሩ የምናስብበት የመጽሔት ዓምድ አዘጋጃለሁ። «ሞቱ» ብዬ ስጽፍ አንባቢ ይቆጣል። ሁሉንም «ዐረፉ» ስል ደግሞ አርታዒያችን «በጥይት የተገደለ ሰው እንዴት ያርፋል?» ይሉኛል። «ሕይወታቸው አለፈ»፣ «በሞት ተለዩ»፣ «ግብዓተ መሬት»፣ «ሥርዓተ ቀብር» የሚባሉት እያንዳንዳቸው ለማን ይሆናሉ? ዕድሜ ስንጽፍስ «በ94 ዓመታቸው» ነው ወይስ «በ94ኛ ዓመታቸው»?

መልስ፦ አርታዒያችሁ ልክ ናቸው። «ዐረፈ» ከድካም መገላገልን የሚናገር ግሥ ስለሆነ ዕድሜ ለጠገበ፣ ከሕመም ጋር ለቆየ፣ በተለይም ለመነኰሰ ሰው ይስማማል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም፣ በ99 ዓመታቸው «ዐረፉ» ሲባል ቃሉ ቦታውን አገኘ ማለት ነው። ሃጫሉ ሁንዴሳ ግን ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ተገደለ። እዚህ «ዐረፈ» የሚል ጸሐፊ ገዳዩን ከዓረፍተ ነገሩ አስወጥቶታል። «ሕይወቱ አለፈ»ም ያው ነው፤ ድርጊት እንጂ አድራጊ የለውም። ስለዚህ «ተገደለ» ብሎ መጻፍ አክብሮት መንፈግ አይደለም፣ የሆነውን መናገር ነው።

«ሕይወታቸው አለፈ» በአደጋና በድንገተኛ ሞት ዜና ላይ የተለመደ ነው፤ በአልጋቸው ላይ ላረፉ የ90 ዓመት አዛውንት ሲጻፍ የትራፊክ ፖሊስ መግለጫ ይመስላል። «ሕይወታቸውን አጡ» የሚለውን እኔ አልጽፈውም። ከባዕድ ቋንቋ ዜና ሲተረጎም የገባ ነውና፣ ሟቹን ዕቃ እንደ ጠፋበት ሰው ያደርገዋል። «ተለዩ» ደግሞ ከማን እንደ ተለዩ ይጠይቃል፦ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ሙሉ ነው። «በሞት ተለዩን» ግን ጸሐፊውን ከሐዘንተኛው ጋር ያስቀምጠዋል፣ ለቤተሰብና ለማኅበር ማስታወቂያ እንጂ ለዜና አይሆንም።

«ሞቱ» ለምን እንደሚያስቆጣ ይገባኛል፤ ሆኖም በአማርኛ አክብሮትን የሚሸከመው በአብዛኛው የግሡ መድረሻ ነው። «ሞቱ» አንቱታውን ይዟል። ችግሩ የሚመጣው መድረሻው ሲዋዥቅ ነው፦ «አርቲስቱ በድሬዳዋ ተወለደ… ሥራቸውን የጀመሩት… በ75 ዓመቱ ዐረፉ» የሚል ጽሑፍ በየቀኑ ይታተማል። ድምፃውያንንና አትሌቶችን ሕዝቡ በፍቅር «አንተ» ስለሚላቸው «ጥላሁን ዐረፈ» ነውር የለበትም፤ ለጳጳስ፣ ለመምህርና ለአዛውንት ግን አንቱታ የግድ ነው። ሲጀምሩ አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው ቃል አይልቀቁት። ረቂቁ ካለቀ በኋላ ግሦቹን ብቻ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይበቃል፤ የተሳሳተው መድረሻ ወዲያው ይታያል።

ሃይማኖትን የተሸከሙ ቃላት ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «ጸሎተ ፍትሐት» የሁሉም አይደለም። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ስላረፈው ስለ አሊ ቢራ የሚጽፍ ሰው «ጀናዛ» እና «የጀናዛ ሶላት» ይላል፤ ምርቃቱም «አላህ ይዘንለት» ነው እንጂ «ነፍስ ይማር» አይደለም። ፕሮቴስታንቶች «ወደ ጌታ ሄዱ» ይላሉ፣ ለሞተ ሰው ስለማይጸልዩም «ነፍስ ይማር» ለእነርሱም አይሆንም። ጸሐፊው የሟቹን እምነት በርግጥ ካላወቀ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» እና «ቀብራቸው ተፈጸመ» ከሁሉም ጋር ይሄዳሉ።

ወደ ፊደሉ ልምጣ። «ግብዓተ መሬት» ብለው ጽፈውልኛል፤ ሥሩ በግእዝ «ገብአ» (ገባ፣ ተመለሰ) ስለሆነ በአልፉ አ «ግብአተ መሬት» ነው። «ዕረፍት» ግን በዐይኑ ዕ ነው፤ «ዜና ዕረፍት» ተብሎ ይጻፋል። «ኅልፈተ ሕይወት» ሁለት የተለያዩ ሀዎች አሉት፦ «ኅልፈት» ከኀለፈ ስለመጣ በብዙኃኑ ኀ፣ «ሕይወት» በሐመሩ ሐ። «ነፍስ ኄር»ም እንዲሁ በኀ ነው። ይህን ልዩነት ዛሬ ብዙ ጋዜጣ ትቶታል፣ መጽሔታችሁም ከተወው ቢያንስ ከገጽ ገጽ አይለዋወጥ። ከፊደሉ የሚብሰው ድግግሞሹ ነው፦ «የሥርዓተ ቀብር ሥነ ሥርዓት» ሥርዓትን ሁለቴ ይቀብራል። «ሥርዓተ ቀብር» ወይም «የቀብር ሥነ ሥርዓት»፣ ከሁለት አንዱ ይበቃል።

«ሬሳ»፣ «አስከሬን» እና «ዐፅም»ም አይተካኩም። «አስከሬን» በግእዝ ሣጥኑ ነበር፤ ዛሬ በአክብሮት ገላው ራሱ ሆኗል። ሻምበል ምሩፅ ይፍጠር ቶሮንቶ ዐርፎ ወደ አዲስ አበባ የመጣው «አስከሬኑ» ነው። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግን በ1967 ዓ.ም. ሞተው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረው «ዐፅማቸው» ነው። ሃያ አምስት ዓመት ያለፈውን «አስከሬን» ማለት ስሕተት ነው።

አሁን ዕድሜው። «በ94 ዓመታቸው» 94 ሞልቷቸዋል ማለት ነው፤ «በ94ኛ ዓመታቸው» ግን 93 ደፍነው ቀጣዩን ጀምረዋል ማለት ነው። የፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ነገር ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ታኅሣሥ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ተወልደው ታኅሣሥ 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ዐረፉ። ከ2011 ላይ 1917 ሲቀነስ 94 ይመጣል፤ ልደታቸው ግን 13 ቀን ይቀረው ስለነበር «በተወለዱ በ93 ዓመታቸው» ወይም «በ94ኛ ዓመታቸው» ነው ትክክሉ። ዓመቱን ቀንሶ መተው አይበቃም፣ የሞት ቀኑ ከልደት ቀኑ ከቀደመ አንድ ይነሣል።

ከዚህ የሚከፋው ሁለት ዘመን አቆጣጠር ማደባለቅ ነው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን የተወለዱት በፈረንጆች ጥር 1924 ነው፤ ያረፉት መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም.። ሁለቱን እንዳሉ ቢቀናንሱ 88 ይሆናል፤ እርሳቸው ግን 96 ዓመት ኖረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ልደቱን ወደ እኛ መልሱት፤ ጥር 1916 ዓ.ም. ይሆናል፣ ከዚያ ይቀነሳል። በጽሑፉ ውስጥ የፈረንጅ ዓመት የግድ ካስፈለገ «እ.ኤ.አ.» ከፊቱ ይቀመጥ።

ቀኑም ይሳሳታል። «ቅዳሜ ሌሊት» ሲባል አንዱ ዓርብ ለቅዳሜ፣ ሌላው ቅዳሜ ለእሑድ ብሎ ይረዳዋል። አባቶች «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ሲሉ ጥርጣሬ አይተርፍም። በውጭ አገር ላረፈ ሰው ደግሞ ቀኑ የሞተበት አገር ቀን ነው፤ በታኅሣሥ ቶሮንቶ ላይ ማታ ሲሆን አዲስ አበባ ነግቷል። (መርዶ ያልደረሰው የቅርብ ዘመድ አለመኖሩንም ከማተምዎ በፊት ይጠይቁ፤ ይህ የሰዋስው ጉዳይ ባይሆንም።)

ስለ ማዕርግ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጥላሁን ገሠሠ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያገኘው «የክብር ዶክትሬት» ነው፤ ስለዚህ «የክብር ዶክተር» ይባላል። «ክቡር ዶክተር» ሌላ ነው፣ ክቡርነቱ የሰውዬው፣ ዶክትሬቱም የትምህርት ይመስላል። «የቀድሞው ፕሬዝዳንት»ም ሥልጣን መልቀቅን እንጂ ሞትን አይናገርም፤ ግርማ በሕይወት እያሉም የቀድሞው ነበሩ። «ሟች» የፍርድ ቤትና የፖሊስ ቃል ስለሆነ በመታሰቢያ ጽሑፍ ላይ ይቀዘቅዛል፤ «ነፍሳቸውን ይማርና» ወይም «ነፍስ ኄር» ይሞቃል፣ ከላይ ያልኩት የእምነት ጥንቃቄ ሳይረሳ።

ዓምዱ ዓመት ሲዞር የሚያስባቸው ከሆነ «ሙት ዓመቱ ተከበረ» አይበሉ። የሚከበረው በዓል ነው፤ ሙት ዓመት «ታሰበ» ወይም «ታስቦ ዋለ» ይባላል። ጥንት ሙት ዓመት የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነበር፣ ከአርባውና ከሰማንያው ቀጥሎ የሚመጣው፤ ዛሬ «10ኛ ሙት ዓመት» ቢባል ግን አልከራከርም። ጥላሁን ያረፈው በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ስለነበር ሰዎች «በፋሲካ የሞተ» እያሉ ያስታውሱታል። ፋሲካ በየዓመቱ ይዘዋወራልና መታሰቢያው የሚጻፈው ሚያዝያ 11 ቀን ነው።