ፎቶውን ያነሳችው ልጅ

ልጆቼ፣

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ሴሚስተር አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዬ ትምህርቷን ለማቋረጥ ዊዝድሮዋል ልትሞላ ቢሮዬ መጣች። ውጤቷ ወርዷል፤ ያስለቀሳት ግን ውጤቱ አልነበረም። «ሁሉም ሲሄድ እኔ ብቻ ቀረሁ» አለችኝ። ማን ነው የሄደው ብላት ስልኳን አውጥታ የዶርም ጓደኛዋን ፎቶ አሳየችኝ፤ አልጋ ላይ የተደረደሩ መጻሕፍት፣ አጠገባቸው ቡና፣ ከሥሩ «ሌሊቱን በጥናት» የሚል ጽሑፍ። ላይኩ ብዙ ነው። ቆየት ብላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያነሳኋት እኔ ነኝ። ከዚያ መጻሕፍቱን አንስተን ተኛን» አለች።

ይህ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ ትልልቆቹ ሁልጊዜ የምንላችሁ «የምታዩት እውነት አይደለም፣ አትመኑ» ነው። እሷ እኮ እውነት እንዳልሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች! ማወቋ ግን አላዳናትም። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 እንደጻፈው፣ ሰው ራሱን የሚመዝንበት ተጨባጭ መለኪያ ሲያጣ ራሱን ከሌላው ጋር ያነጻጽራል። እኛም ከዶርም ልጆች ጋር እንነጻጸር ነበር፤ ግን ኤፍ ሲያገኙም፣ ሲያለቅሱም፣ ካልሲ ሲያጥቡም እናያቸው ነበር። እናንተ ገና ከአልጋ ሳትወርዱ ስልካችሁ ላይ የመቶ ሰው ምርጥ ቀን ይጠብቃችኋል። ልቡ እንዲህ ተሸንፎ ክፍል የገባ ልጅ እጁን አውጥቶ አይጠይቅም። ያልገባውን እንደያዘ የሚድ ፈተና ይደርሳል፤ ውጤቱ ሲወርድ ደግሞ ለመርሳት ወደ ስልኩ ይመለሳል።

ስልካችሁን ጣሉ አልልም፤ ሀንድአውቱን በቴሌግራም የምልክላችሁ እኔው ነኝ። የምለምናችሁ ላይብረሪ ስትሄዱ ስልኩን ዶርም ቆልፋችሁበት እንድትሄዱ ነው። ድምፁን አጥፍቶ ኪስ መክተት አይበቃም። ማታ ደግሞ ስንት ገጽ እንዳነበባችሁ፣ ምን እንደገባችሁና ምን እንዳልገባችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። መለኪያችሁ እሱ ይሁን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የምትፈተኑት የመውጫ ፈተና እንኳ ለማለፍ የሚጠይቃችሁ 50 ከመቶ ነው እንጂ ከጓደኛ መብለጥን አይደለም።

ልጅቷ ዊዝድሮዋሉን አልሞላችም። ስልኳን ዶርም ትታ ላይብረሪ በሄደችበት በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ያነበበችው አራት ገጽ ብቻ ነበር። ደብተሯን ይዛ መጥታ አሳየችኝ፤ ከሥሩ ያልገባትን አንድ ጥያቄ ጽፋለች። ቁጭ ብለን አብረን ሠራነው።