ፍል ከማዛወራችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ተደራጅታችሁ የመስኖ መሬት ለተረከባችሁት ነው የምጽፈው። ፓምፕ ተገዝቷል፣ ዘር ተመርጧል፣ የቲማቲሙም ፍል፣ ማለትም ወደ ማሳ የሚዛወረው ችግኝ፣ በቅርቡ ይፈላል። አፈሩን ግን ማን ቆፍሮ አየው?

መቂ አካባቢ ስሠራ የሆነ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የአንድ ገበሬ ቲማቲም ቢጫ እየሆነ ሄደ። ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ማታ ቀና ይላል። ማዳበሪያ አንሶት መስሎኝ ዩሪያ እንዲጨምር መከርኩት። ገንዘቡን አወጣ። ከሳምንታት በኋላ አንዱን የቲማቲም እግር ነቅለን ስናይ ሥሩ እንደ ዝንጅብል ተቋጥሯል። ኔማቶድ ነው፣ አፈር ውስጥ የሚኖር በዓይን የማይታይ ትል። ሰውየው ምንም አላለኝም። ሥሩን መሬት ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ በፊት ማሳው ላይ ቃሪያ እንደነበር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ቃሪያም ኔማቶዱን ያራባል።

ላብራቶሪ ባይኖራችሁ እንኳ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ከመትከላችሁ ሁለት ወር በፊት ጀምሩ። ማሳው ውስጥ በዚግዛግ እየሄዳችሁ ከ15 ወይም 20 ቦታ እርጥብ አፈር ውሰዱ። 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ፣ ሥር የሚሄደው እዚያ ነው። ቀላቅላችሁ ሁለት ሦስት ፌስታል ሙሉና ኔማቶድ የማይቋቋም ዝርያ የሆነ የቲማቲም ፍል ትከሉበት። ከ6 ሳምንት በኋላ ሥሩን ሳትበጥሱ አውጡና በውሃ እጠቡት። ቋጠሮ ካያችሁ ቲማቲሙን ሌላ ማሳ ፈልጉለት። የባቄላ ሥር ላይ ካለው ጤነኛ እንክብል ጋር እንዳታምታቱት። የባቄላው በጥፍር ሲነኩት ይወልቃል፣ የኔማቶዱ ግን ሥሩ ራሱ ነው ያበጠው።

ቆራጭ ትል ሌላ ነው። ሌሊት ወጥቶ ፍሉን ከግንዱ ይቆርጠዋል። ጠዋት አጠገቡ ያለውን አፈር በጣታችሁ ጫር ጫር ብታደርጉ ጥምዝምዝ ብሎ ታገኙታላችሁ። አረም የበዛበት ማሳ ላይ ይብሳል። አረሙን ከተከላ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት አንሱና አፈሩን ገልብጡ፤ ወፍም ፀሐይም ይረዷችኋል። ሥርና ድንች የሚበሳውን ጠንካራ ቢጫ ትል ለማወቅ ደግሞ የተቆረጠ ድንች ቅበሩ፣ ቦታውን በእንጨት ምልክት አድርጉ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ አውጥታችሁ እዩ።

ኬሚካል ሻጭ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ግን መሬቱን ያርስ ወደነበረው ሰው ሂዱ። ባለፉት ሁለት ሦስት ዙር ምን እንደተከለ ጠይቁት። እኔ ያን ገበሬ ያልጠየቅኩት ይህንን ነው።