መልስ፦ አሮጌ የአስፐን መጽሔት ቅጽ ስትገዛ

“ሳጥኑ ንጹህ የሆነ አስፐን አግኝቻለሁ፣ ልግዛው?” ላልከው፦ ሳጥኑ አያታልልህ፣ ውስጡን ቁጠር። ይህ በሳጥን ይሸጥ የነበረ የአሜሪካ የጥበብ መጽሔት ከ1965 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ተጠርዞ አልነበረም። ቡክሌት፣ ፖስተር፣ ስስ የፕላስቲክ የድምፅ ሸክላ ሁሉ ሳይጠረዝ ለየብቻ ሳጥኑ ውስጥ ይገባ ነበር። የ1967ቱ ጥምር ቁጥር 5 እና 6 የፊልም ጥቅል ሳይቀር ነበረው። እነዚህ ናቸው ቶሎ የሚጠፉት።

ሻጩ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ፎቶ ያንሳልህ። ከዚያ ሙዚየሞች ካወጡት የይዘት ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አመሳክር። ማስታወቂያዎቹንም አትርሳ፤ ብዙ ሰው ስለሚጥላቸው እነሱ ካሉ ትልቅ ነገር ነው። ሸክላው ታጥፎ ከሆነ በዋጋው ተከራከር።

ፍላጎትህ ማንበብ ከሆነ ግን የጎደለውንም በርካሽ ግዛ፣ እኔ በበኩሌ አይቆጨኝም። የተቀደደውን ብቻ በፕላስተር እንዳትለጥፈው፤ ሙጫው ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል።