ዳግም መወለድና በእምነት ማደግ፦ ዛሬ ማታ ጋሼን ጠይቁ

አድሚን፦ ሰላም ቅዱሳን። ጋሼ ዛሬ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ከኛ ጋር ናቸው። ለአዲሶች፣ ጋሼ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ አዲስ አማኞችን ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ጥያቄ ባጭሩ፣ የተጠየቀውን አትድገሙ።

ማራናታ፦ ጋሼ ሌሎች ምስክርነት ሲሰጡ በዚህ ቀን ዳንኩ ይላሉ፣ እኔ ግን ቀኑን አላውቀውም፣ መድረክ ወጥቼም እጄን አንስቼም አላውቅም፣ ቀስ እያለ ነው የገባኝ። ዳግም ተወልጃለሁ ማለት እችላለሁ?

ጋሼ፦ ትችያለሽ ልጄ። እኔ የገጠር ልጅ ነኝ፣ እናቴ የተወለድኩበትን ቀን ስጠይቃት "ጤፍ ሲታጨድ ነው" ነበር የምትለኝ፣ ታዲያ ቀኑን ስላላወቅኩ አልተወለድኩም አልልም፣ ይኸው እተነፍሳለሁ። ይሄን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው ምክንያቱም ብዙ ልጆችን ሲያስጨንቅ አይቻለሁ። ዮሐንስ 3ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ኒቆዲሞስ የሚባል የአይሁድ አለቃ በሌሊት ወደ ጌታ መጣ፣ ጌታም ሰው ዳግመኛ ካልተወለደ የእግዚአብሔርን መንግሥት አያይም አለው። "ዳግመኛ" ተብሎ የተተረጎመው የግሪኩ ቃል አኖቴን ነው፣ "ከላይ" ማለትም ነው፣ እዛው ምዕራፍ ቁጥር 31 ላይ "ከላይ የሚመጣው" የሚለው ያው ቃል ነው። ስለዚህ ጌታ የሚለው እንደገና ሞክር አይደለም፣ ከላይ ይሰጥሃል ነው። ደግሞ "የእስራኤል መምህር ስትሆን ይህን አታውቅምን?" ያለው ለምን ይመስላችኋል? ነገሩ ሕዝቅኤል 36 ላይ ነበራ፣ ጥሩ ውኃ እረጭባችኋለሁ፣ አዲስ ልብ እሰጣችኋለሁ፣ መንፈሴን በውስጣችሁ አኖራለሁ ይላል፣ እረጫለሁ እሰጣለሁ አኖራለሁ፣ ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው። ሕፃን ራሱን አይወልድም። አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ፣ ኒቆዲሞስ መቼ ዳነ? ዮሐንስ ቀኑን አልጻፈውም። ምዕራፍ 3 ላይ በጨለማ መጥቶ ግራ ገብቶት ሄደ። ምዕራፍ 7 ላይ ፈሪሳውያን መሃል ፈራ ተባ እያለ ሰው ሳይሰማ ይፈረድበታል ወይ ብሎ አንድ ቃል ተነፈሰ። ምዕራፍ 19 ላይ ግን ጌታ ከተሰቀለ በኋላ፣ ሌሎቹ በፈሩበት ሰዓት፣ 100 ነጥር (የጥንት ክብደት መለኪያ ነው) የሚያህል ከርቤና እሬት አስይዞ መጣ። ያ ሁሉ ሽቶ ኪስ ውስጥ አይደበቅም። ቀኑን ሳይሆን ሰውየውን እዩት። እና ደግሜ ደጋግሜ የምለው፣ በስሜታችሁ አትለኩት።

ዘተዋሕዶ፦ እዛው ዮሐንስ 3 ላይ ከውኃና ከመንፈስ መወለድ ማለት ጥምቀት ነው። እኛ ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን ተወልደናል፣ ሌላ ልደት አንፈልግም።

ሙሴ21፦ ያላመነ ሕፃን እንዴት ይወለዳል ወንድሜ?

ዘተዋሕዶ፦ በ8 ቀኑ የተገረዘው ይስሐቅ አምኖ ነው?

ሙሴ21፦ ግዝረት ሌላ ጥምቀት ሌላ!! ማርቆስ 16 መጀመሪያ ያመነ ይላል

የወለጋ ልጅ፦ ቆይ እኛ መካነ ኢየሱስ ሕፃናት እናጠምቃለን፣ እኛንም አልዳናችሁም ልትሉን ነው?

አድሚን፦ እባካችሁ ወደ ጥያቄው ተመለሱ።

ጋሼ፦ የወለጋው ልጅ ትክክል ነው፣ ይሄን የጴንጤና የኦርቶዶክስ ፀብ አታድርጉት። ዘተዋሕዶ ወንድሜ፣ ከኔ ጋር የማንስማማበት አለ፣ ዛሬ ግን አልከራከርህም። በ40 ቀንም ተጠመቅ በ20 ዓመት፣ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ዛሬ ይበላል። እሱን ነው የምጠይቅህ።

ናቲ፦ ጋሼ በመንፈስ ማደግ የሚቻለው እንዴት ነው?

ጋሼ፦ ይሄ ጥያቄ አይደለም፣ ርዕስ ነው። ምን ታነባለህ፣ ከማን ጋር ትጸልያለህ፣ ማንን ይቅር አላልክም? ሦስቱን ይዘህ ተመለስ።

ሶፊ፦ አንድ ነቢይ የ7 ቀን ፕሮግራም አለ፣ ዘይት ተቀብተሽ ወደሚቀጥለው መንፈሳዊ ደረጃ ትገቢያለሽ ብሎኛል፣ ዘር ዝሪ፣ ማለትም ብር ስጪ፣ ብሎኛል

ጋሼ፦ አትሂጂ። ብር ስለጠየቀሽ ደግሞ ጭራሽ አትሂጂ።

አቢ፦ ጌታን የተቀበልኩበትን ቀን ካላወቅኩስ?

ጋሼ፦ ከላይ አለ። ወጣ ብለህ አንብብ።

ቤቲ ቤሩት፦ ጋሼ እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ እረፍት ቀን የለኝም፣ ቤተ ክርስቲያን ከሄድኩ 2 ዓመት አለፈኝ። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ በስልክ ስብከት እሰማለሁ፣ ሲጀመር አለቅስ ነበር፣ አሁን ምንም አይሰማኝም፣ የደረቅኩ ይመስለኛል።

ጋሼ፦ የኔ ልጅ አልደረቅሽም፣ ደክመሻል። ደረቅሁ ብሎ የሚጨነቅ ሬሳ አይቼ አላውቅም። እኛ በ1970ዎቹ በደርግ ጊዜ ናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ) ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ በየቤቱ ነበርን፣ 6 ወይ 7 ሆነን፣ አንድ አንድ እያልን በ10 ደቂቃ ልዩነት እንገባለን፣ ጫማችንን ደጅ ካየ ጎረቤት ይቆጥረናልና ጫማ አውልቀን አልጋ ስር እንከታለን፣ ቡና ይፈላል እንግዳ የመጣ እንዲመስል፣ መዝሙሩን በከንፈር ብቻ ነበር የምንዘምረው ድምፅ የለውም። መጽሐፍ ቅዱሱ አንድ ስለነበር አንዷ እህት ማርቆስን በደብተር ገልብጣ በየሳምንቱ አንዳንድ ምዕራፍ ታዞርልን ነበር፣ ያንን የእጅ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። እኔ ያደግኩት እዛ ነው። ከኛ በፊትም እኮ በ1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት አማኞች 100 እንኳ አይሞሉም ነበር፣ ከጣልያን ጦርነት በኋላ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው ነው ያገኟቸው፣ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ በቋንቋቸው አልነበራቸውም። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ስብከቱን ለጊዜው ቀንሺው፣ የሰው አፍ ያኘከውን ብቻ ስትውጪ ከርመሻል። የማርቆስ ወንጌል በጠቅላላ 16 ምዕራፍ ነው፣ በቀን አንድ፣ ካልቻልሽ ግማሽ፣ ከዛ ደብተር ላይ ወይ ስልክሽ ላይ አንዲት መስመር ጻፊ፣ ኢየሱስ እዚህ ምን አደረገ ብቻ። ሁለተኛ አንዲት አማኝ እህት ፈልጊ፣ እዛው ቤሩት ብትሆን ጥሩ፣ በሳምንት 10 ደቂቃ በድምፅ አብራችሁ ጸልዩ። ለቅሶው ተመለሰ አልተመለሰ አትቁጠሪ። በስሜትሽ አትለኪው።

ቤቲ ቤሩት፦ እሺ ጋሼ። ዛሬ እጀምራለሁ 🙏

ማራናታ፦ ቤቲ እኔ አለሁ፣ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እሁድ እሁድ ማታ ይመቸኛል

የጅማው፦ አንድ ኃጢአት ላይ ደጋግሜ እወድቃለሁ። አልተወለድኩም ማለት ነው?

ጋሼ፦ ከማመንህ በፊትም ታደርገው ነበር? ያኔ ያምህ ነበር? አሁን ያምሃል፣ ልዩነቱ እሱ ነው። በኃጢአታችን ብንናዘዝ ይቅር ይለናል የሚለውን 1ኛ ዮሐንስ 1፥9ን ያዝ። ግን ለብቻህ አትታገል፣ አጥቢያህ ያለ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሂድና ፊት ለፊት ንገረው፣ ለኔ በጽሑፍ ሳይሆን።

ኪዳን፦ በልሳን (መንፈስ በሚሰጠው በማላውቀው ቋንቋ) ካልተናገርኩ መንፈስ ቅዱስ የለኝም ማለት ነው?

ሙሴ21፦ አዎ ምልክቱ ነው

የወለጋ ልጅ፦ ማን አለ? "ሁሉስ በልሳኖች ይናገራሉን" አይልም እንዴ ጳውሎስ

ሙሴ21፦ ሐዋርያት 2ን አንብብ!!

ጋሼ፦ ኪዳን መጋቢህን ጠይቅ። እናንተ ሁለታችሁ ሌላ ቀን። እኔ ገላትያ 5 ላይ ያለውን ፍቅርና ትዕግሥት ነው የምፈልገው፣ አሁን ሁለታችሁም ጋ አላየሁትም።

ናቲ፦ ጋሼ ተመለስኩ። የማነበው አልፎ አልፎ ነው። የምጸልየው ብቻዬን ነው። ሦስተኛው... ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲያርፍ በቤቱ ምክንያት ተጣላን፣ 3 ዓመት ሆነን አልተነጋገርንም።

ጋሼ፦ አሁን ጥያቄ ጠየቅክ። ቤቱን ተወው፣ እሱን ሽማግሌ ያየዋል። ደውልለትና እንዴት ነህ ብቻ በለው። አሁን 3፡40 ነው፣ አይመሽም።

ናቲ፦ ደወልኩ። አያነሳም።

ጋሼ፦ ጠዋት ድገም። እኔ 12 ሰዓት ላይ እነሳለሁ፣ ስሙን በውስጥ ላክልኝ።