ስሙ ስላለበት ተፈርሞበታል ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ «ፐክ» ከሚባለው የድሮ የፖለቲካ ቀልድ መጽሔት የወጣ ባለ ቀለም ካርቱን ይዞልኝ መጣ። ግርጌው ላይ «ኬፕለር» ይላል፤ ሻጩም ደረሰኙ ላይ «በሠዓሊው የተፈረመበት» ብሎ ጽፏል። እውነት የእጁ ፊርማ ነው? ፍሬም ቤት ደግሞ ላሚኔት ይደረግ እያሉኝ ነው። (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እባክዎ ላሚኔቱን ያስቀሩት! በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ወረቀቱን ሳይቀድ አይላቀቅም፤ ሕትመቱም ያኔውኑ ዋጋውን ያጣል።

ወደ ፊርማው ስንመጣ፣ ፐክ ባለ ቀለም ሥዕሎቹን የሚያትመው ድንጋይ ላይ ከተሣለ ሥዕል ነበር (የድንጋይ ሕትመት ይባላል)። የሠዓሊው ስም ከሥዕሉ ጋር አብሮ ስለሚታተም የዚያ ሳምንት እትም በሙሉ ያው ስም አለበት። ብዙ ሻጮች «የተፈረመበት» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ለእሱ ተጨማሪ ገንዘብ አይከፈልም።

ለማረጋገጥ ሰዓት ሠሪዎች የሚይዙትን 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይዋሱ። የስሙ መስመር ከሥዕሉ መስመሮች ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ከሆነ ታትሟል ማለት ነው። በእጅ የተጻፈ የእርሳስ ፊርማ ግን ከቀለሙ በላይ ይተኛል፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ግራጫ ሆኖ ያብለጨልጫል። በዚያው መነጽር ነጠብጣቦቹንም ይዩ፦ የድንጋይ ሕትመት ነጠብጣብ የተዘበራረቀ ነው። እንደ አበባ ክብ ሠርቶ በእኩል ርቀት የተደረደረ ከሆነ ግን በኋለኛው ዘመን የተባዛ ነው።

የእትሙን ቀንም ሻጩን ይጠይቁ። ጆሴፍ ኬፕለር የሞተው በ1894 ነው (በአውሮፓ አቆጣጠር)። ልጁ ኡዶ ከዚያ ወዲህ የአባቱን ስም ስለወሰደ፣ የኋለኞቹ «ኬፕለር» የልጁ ናቸው።

መሃል ላይ እጥፋትና የስፌት ቀዳዳ ካለ አይዘኑ፤ ድርብ የመሃል ገጽ መሆኑን ያሳያል።

ፍሬሙን በተመለከተ፣ ሐዋሳ የሐይቅ ዳር ከተማ ናት፤ በክረምት እርጥበቱ ወረቀት ላይ ቡናማ ነቁጥ ያወጣል። ስለዚህ ሥዕሉ መስታወቱን አይንካ፤ ዙሪያውን ካርቶን አስገብተው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያርቁት። ዝናብ በሚመታው ግድግዳ ወይም ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ትይዩ አይስቀሉት። ስኮችና ኮላ ፈጽሞ አይነካው፤ የስኮቹ ሙጫ ቢጫ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። በአራቱም ጎን የተጣበቀ ወረቀት ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ የሚለጠጥበት ስለሌለው ይጨማደዳል። እንደ ድሮ ፎቶ አልበም አራቱን ማዕዘን በወረቀት ኪስ ብቻ ያሲዙት፤ ኪሱ ትንሽ ላላ ይበል።

ፍሬም ቤቱ «ትንሽ ጠርዙን ልቁረጠው» ካለዎት ፍሬሙን በሥዕሉ ልክ ያሠሩ እንጂ ሥዕሉን አያስነኩ።