ልጁ እያየ ነው

አንዲት ወጣት እናት ሰሞኑን፣ “ጋሼ፣ ልጄን ትምህርት ቤት በቆዳው ቀለም ይሰድቡታል። ሄጄ ልናገር ወይስ ችዬ ልለፈው?” አለችኝ። ያዳፈንኩት ቁጭት ተቀሰቀሰብኝ።

አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ከተማ በአስተርጓሚነት ኖሬያለሁ። ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ ሥራው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 በነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ሲገደል እዚያው ነበርኩ። አገር ቤት ትንሽ ልጅ ነበረው። በ1990 ገዳዮቹን ያነሳሳው ድርጅት መሪና ግብረ አበሮቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ተፈረደ። ፍትሕ አገኘን ብለን ተቃቀፍን።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ትምህርት ቤት ለማስተርጎም ጠራኝ። አንድ የእኛ ልጅ በዘሩ ሰድበው ሲገፈትሩት መልሶ ገፍትሯል። ኃላፊዋ “ሁለቱም አጥፍተዋል” አለች፤ የታገደው ግን እሱ ብቻ ነው። አባቱ አገር ቤት የተከበረ መምህር ነበር። ከወንበሩ ተነሣ፣ ጎንበስ አለና “ይቅርታ አድርጉልን” አለ። ተረጎምኩት። ልጁ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እየተንሰቀሰቀ ይከራከር ነበር፤ አባቱን ቀና ብሎ አየና ጸጥ አለ። በኋላ እናቱ እንደነገረችኝ ክፍል ውስጥ እጁን ማውጣት ተወ፤ ቤትም በአማርኛ ሲያናግሩት በእንግሊዝኛ ይመልስ ጀመር። አባትየውን አልወቅሰውም። በደርግ ዘመን ቀበሌ ፊት ጎንበስ ማለት ነፍሱን ያተረፈለት ሰው ነው። የተሰደደበት ፍርሃት እዚህም ተከትሎት መጣ፤ ልጁም ከስድቡ ይልቅ ያንን ወረሰ።

የዛሬ ወጣቶች ስለ ፍትሕ ስልካችሁ ላይ ሌት ተቀን ትጽፋላችሁ። የልጃችሁን የትምህርት ቤት መዝገብ ስንቶቻችሁ አይታችኋል? እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሕግ እንድታዩት ይፈቅድላችኋል። ስትጠይቁ በ45 ቀን ውስጥ ሊያሳዩአችሁ ይገባል፤ ሐሰት ካለበትም እንዲታረም መጠየቅ ትችላላችሁ። የፌዴራሉ ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ጥቁር ተማሪዎች ከጠቅላላው 15.5 በመቶ ሲሆኑ ከታገዱት ግን 39 በመቶ ያህሉ እነሱ ነበሩ። ስለዚህ ጉዳዩን የልጃችሁ ዐመል ብቻ አድርገው ሲያቀርቡላችሁ ቶሎ አትቀበሉ። ቀኑን፣ የተባለውን ቃልና ያየውን ሰው ጽፋችሁ ሂዱ። እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ልጁ የራሱን ክስ እንዲያስተረጉም አታድርጉ። ስትከራከሩለት ግን አጠገባችሁ ተቀምጦ ይስማ።

ይህን እያልኩ የልጅ ልጄ መኪና መንዳት ሲጀምር፣ “ፖሊስ ካስቆመህ እጅህን መሪው ላይ አድርግ፤ አትከራከር” አልኩት። “አያቴ፣ ዝም አትበል ስትለኝ አልነበር?” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁለቱ ምክሮቼ አይገጥሙም። ነገም ግን ይህንኑ እለዋለሁ። መንገድ ላይ የምፈልገው በሕይወት ቤቱ እንዲገባ ነው፤ አቤቱታውን በማግስቱ አብረን እንጽፋለን።