ጥያቄና መልስ፦ ንስሐ የገባ ወንድም እና በሳጥን ያለ ጋቢ

ጥያቄ፦

ይድረስ ለየኔታ። እግርዎን ስሜ እጠይቃለሁ። አገሬ ምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በደብረ ወርቅ መካከል ነው፤ ቀበሌውን ግን አልጠራም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ወንድሜ በወሰን የተጣላውን ጎረቤታችንን ማታ ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኝተው በዱላ መትቶ ገደለው። ሌሊት ሲገባ ጋቢው ደም ነበር። እናታችን «እጠቢው» አለችኝ፤ አጠብሁት። ያን ጊዜ 19 ዓመቴ ነው። ፖሊስ ሲጠይቀኝም «ወንድሜ ከመሸ ከቤት አልወጣም» ብዬ ቃል ሰጠሁ። ከሟች ጋር ቀድሞ ጠብ የነበረው ሌላ ሰው ተይዞ 8 ወር ታሰረ፤ ማስረጃ ሲጠፋ ተለቀቀ። የሟች ዘመዶች ግን «ደመኛችን እሱ ነው» ስላሉ በሬዎቹን ሸጦ ከነልጆቹ አገር ለቀቀ። ካህናቱ በደጀ ሰላም «ያየ የሰማ ይናገር» ብለው ሲገዝቱ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ ነበር።

ወንድሜ ለነፍስ አባታችን ተናዞ ቀኖናውን ፈጽሟል፤ ለታቦቱም ጥላ ገዝቶ አስገብቷል። ነፍስ አባታችን «ከእንግዲህ ሆድ ይፍጀው» ብለውናል። አሁን የሟች የበኩር ልጅ 17 ዓመት ሞላው፤ ያ የተሰደደው ሰው የት እንዳለ ሰዎች እየነገሩት ነው አሉ። የእኔም ትንሿ ልጄ በሽታ አልለቃት አለ፤ ግዝቱ ይሆን? ወንድሜ ተሰርዮለታል ወይ? እኔስ የደሙ ተካፋይ ነኝ? ብናገር እንደ ይሁዳ ወንድሜን አሳልፌ መስጠት አይሆንብኝም? ጋቢው እስከ ዛሬ በሳጥን ነው፤ ላቃጥለው ወይስ ለነዳይ ልስጠው?

መልስ፦

እኅቴ፣ ስለ ወንድምሽ ሥርየት ከመናገሬ በፊት ስለዚያ ልጅ ልናገር። አንቺ ያለፈ ነገር አድርገሽ ጽፈሽልኛል። እኔ ሳነበው ግን ገና ያላለቀ ነገር ሆኖ አገኘሁት። አገራችንን ታውቂዋለሽ። ልጁ አባቱን ሲቀብሩ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተዝካሩ፣ በሙሾው፣ ሠርግ ቤት ቀረርቶ በተሰማ ቁጥር፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ እሱ ሲመልስ አድጓል። ደሙ በማን እጅ እንዳለም ነግረውታል፤ የነገሩት ግን ሐሰት ነው። ሐሰት መሆኑን፣ ከራሱ ከተሰደደው ሰውና አሁን ከነገርሽኝ ከእኔ ሌላ፣ በዚህ ምድር ላይ የምታውቁት አራት ሰዎች ናችሁ፦ ወንድምሽ፣ እናትሽ፣ አንቺና ነፍስ አባታችሁ። ነገ ልጁ ጠመንጃ ተውሶ ያን ሰው ቢገድል፣ ከዚያም የዚያ ሰው ልጅ ተነሥቶ ይህን ልጅ ቢገድል፣ የእነዚህን ደም ማን ይናዘዘዋል?

በቆሎ ተማሪነቴ ቅኔ ፍለጋ ስዞር አንድ ቤት አሳድረውኝ ነበር። ባለቤቱ እራት ሲበላ ጀርባውን ለምሰሶው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነው። ኩራዟን ከእሱ አርቀው አስቀመጧት። ውሻ በጮኸ ቁጥር ጉርሻው እጁ ላይ ይቀር ነበር። ጠዋት ሚስቱ ሽሮ ስትሰጠኝ «ደም አለበት፣ ጸልይለት» አለችኝ። ያ ሰው ገድሎ ነው እንደዚያ የሚበላው። ያ ከአገራችሁ የተሰደደው ሰው ግን ሳይገድል ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ በልቷል።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ንስሐ ጸጸት፣ ኑዛዜና ቀኖና ነው ብለን እናስተምራለን። ወንድምሽ ሦስቱንም አድርጓል ትያለሽ። የካህን ፍትሐት ዋጋ የለውም አልልም፤ እንዲህ የሚል ካህን ካለ ክህነቱን አያውቀውም። ግን የተናዘዘው የትኛውን ነው? ነፍስ ማጥፋቱን ተናዘዘ። በእሱ ፋንታ ሌላው ሰው «ነፍሰ ገዳይ» እየተባለ መኖሩን ግን ዛሬም ጠዋት ተነሥቶ እንደ ትናንቱ ፈቅዶታል። ሰው የተወውን ኃጢአት ይናዘዛል እንጂ የያዘውን እንዴት ይናዘዛል? ይህ ሁለተኛው በደል ንስሐ አልተገባበትም፤ የመጀመሪያውም ከዚህ ጋር ታስሮ ነው ያለው።

ምናልባት «ዳዊት እንኳ ለከ ለባሕቲትከ አበስኩ፣ አንተን ብቻ በደልሁ ብሏል፤ ዕዳው ለእግዚአብሔር ነው» ይልሽ ይሆናል። ይህን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ዳዊት ኦርዮንን ያስገደለው በደብዳቤ፣ በሌላ ሰው እጅ ነበር፤ ይደበቃል ብሎ። ናታን መጥቶ «ያ ሰው አንተ ነህ» ካለው በኋላ ያለቀሰው ልቅሶ ግን በጓዳ አልቀረም። መዝሙር 50 ሆኖ ዳዊት የሚደግም ሁሉ እስከ ዛሬ ያነበዋል፤ «አድኅነኒ እምደም»፣ ከደም አድነኝ የሚለውም እዚያው ውስጥ ነው። ንጉሥ ሆኖ የገዛ ነውሩን ለሕዝብ መዝሙር አድርጎ ሰጠ። ወንድምሽ መዝሙሩን ይደግም ይሆናል፤ ዳዊት ያደረገውን ግን አላደረገም።

የቀደሙት አባቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ቅዱስ ባስልዮስ ወድዶ ሰው የገደለ 20 ዓመት፣ ሳያስበው የገደለ 10 ዓመት ከሥጋ ወደሙ ይራቅ ብሎ ደንግጓል። ከ20ው የመጀመሪያዎቹን 4 ዓመታት ከቤተ ክርስቲያን በር ውጭ ቆሞ እያለቀሰ፣ ለሚገቡት ምእመናን ያደረገውን በአፉ እየተናገረ «ጸልዩልኝ» እንዲል ነው ያዘዘው። ዛሬ ይህ እንደ ቃሉ አይፈጸምም፤ ነፍስ አባት እንደ ሰውየው አቅም ይወስናል። ዓመቱ ይቅለል፤ እውነቱን መናገር ግን ከቀኖናው ሊወጣ የሚችል አይመስለኝም።

በላኤ ሰብእ የተባለው ሰው በላ 78 ነፍስ በልቶ፣ ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ዳነ የሚልም አይጠፋም። አዎን፣ በእመቤታችን ምልጃ ድኗል። ነገር ግን እሱ በበላው ታስሮ የተሰደደ ሌላ ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም።

ጥላውን በተመለከተ፣ ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ነው ያለው። መባው ጥሩ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ነው የተዛባው። እኔ የዚያ ደብር አስተዳዳሪ ብሆንና ነገሩን ባውቅ ጥላውን ለንግሥ አላወጣውም ነበር። በእሱ ጥላ ሥር የሟች ሚስት ቆማ እልል ትላለችና።

«ሆድ ይፍጀው» ስለተባለው ነገር ስጽፍ እጄ ይከብዳል። ነፍስ አባት የሰማውን አያወጣም፤ ቢገድሉትም አያወጣም። ስለዚህ እሳቸው ዝም በማለታቸው አልወቅሳቸውም። ነገር ግን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ የካህኑ ነው፤ ለተናዛዡ መደበቂያ ዋሻ እንዲሆን አልተሰጠም። ካህን «እኔ አልናገርም» ይላል፤ «አንተም አትናገር» ማለት ሌላ ነገር ነው። ይሁዳን ካነሣሽው ዘንድ፣ ይሁዳ ሠላሳውን ብር ይዞ ወደ ካህናቱ ተመልሶ «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» ብሏቸው ነበር። እነሱም «እኛስ ምን አግዶን? አንተው ተጠንቀቅ» አሉት። የደም ኑዛዜ ሰምቶ መንገድ ሳያሳዩ መሸኘት ምን እንደሚመስል እዚያ ተጽፏል። ይህን ለራሴም ነው የምለው፤ ካህን ነኝና።

አንቺስ? የገደልሽ አንቺ አይደለሽም። በዚህ ላይ እንቅልፍ አትጪ። ጋቢውን ያጠብሽው በሌሊት፣ በድንጋጤ፣ በእናትሽ ትእዛዝ ነው፤ ይህም በደል ነው፣ ግን የሚመዘን በደል ነው። የከበደው ለፖሊስ የሰጠሽው ቃል ነው። ጋቢው የሟቹን ደም ነክቷል፤ ቃልሽ የነካው ግን ያን ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው 8 ወር ሲታሰር፣ በሬዎቹን ሲሸጥ፣ ልጆቹን ይዞ ሲወጣ ያንቺ «አልወጣም» የምትል ቃል አብራ ነበረች። ንስሐሽም ከዚያች ቃል ይጀምር። የሟችን ሚስት እግር ለመሳም ትቸኩዪ ይሆናል፤ መጀመሪያ ዕዳ ያለብሽ ግን ለእሷ ሳይሆን ለዚያ ለተሰደደው ሰው ነው። ዘኬዎስ ቤቱን ለጌታ ሲከፍት «የበደልሁት ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ነው ያለው። የዚያን ሰው ስም ማን ይመልስለታል? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እንደ ይሁዳ እሆናለሁ ብለሽ አትፍሪ። ይሁዳ አሳልፎ የሰጠው ንጹሑን ነው። በእናንተ ቀዬ ዘጠኝ ዓመት አሳልፎ የተሰጠው ንጹሕ ማን እንደሆነ ራስሽ ጽፈሽልኛል።

የልጅሽ ሕመም የግዝት ነው የሚልሽን አትስሚ። ሐዋርያት ዕውር ሆኖ የተወለደውን አይተው «ማን በደለ? እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ሲሉ ጌታ «እሱም ወላጆቹም አልበደሉም» ብሏቸዋል። ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። የአገራችን ደም መላሾች ይህን ምዕራፍ ቢያነቡት ስንት መቃብር ይቀንስ ነበር። ጠበል አስጠምቂያት፤ ጤና ጣቢያም ውሰጃት፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ግዝቱ ያለው በልጅሽ ሰውነት ላይ ሳይሆን በአንደበትሽ ላይ ነው። አንደበትሽ ሲፈታ ካህኑ ይፈታሻል። በአያቶቻችን ጊዜ በደለኛው ሲጠፋ አገሩ ሁሉ ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ በደለኛው ካልተገኘ ኪሳራውን አገሬው በጋራ ይከፍላል። ዘዳግም 21ም ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ በሜዳ ሲገኝ የቅርቢቱ ከተማ ሽማግሌዎች እጃቸውን ታጥበው «እጃችን ይህን ደም አላፈሰሰችም» እንዲሉ ያዛል። አንድ ደም መንደርን ሁሉ እንደሚያስጠይቅ የቀደሙት ያውቁ ነበር። እናንተ ቀዬ ላይ ግን የከፈለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ያልበደለው።

አሁን ምን ይደረግ ነው ዋናው። መጀመሪያ ለወንድምሽ ንገሪው። ብቻሽን አትሂጂ፤ የምታምኚው አንድ ዘመድ ወይም ነፍስ አባታችሁ ይኑሩ። ልጁ 17 ዓመት እንደሞላው፣ ጊዜ እንደሌለ ንገሪው። ለመወሰን ቀን ስጪው፤ ዓመት ግን አትስጪው። ከዚያ ራሱ በእግሩ ወደ ፖሊስ ይሂድ። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 82 ራሱን ለሕግ የሰጠ፣ ጥፋቱን ያመነና የተቻለውን የካሰ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ይፈቅዳል። ሌላውን ጠበቃ ይንገራችሁ፤ ስላንቺ ቃልም እንደዚሁ። በዚህ ወቅት መንገዱም ፍርድ ቤቱም እንደ ቀድሞው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ መንገድ ሲከፈት ይሂድ፣ ግን ለመሄድ ይወስን።

ፖሊስን ያስቀደምሁት ስለ ሕግ ብቻ አይደለም። ሽማግሌ ለሟች ቤተሰብ ሲናገር ወንድምሽ በሕግ እጅ ካልሆነ ያን ዕለት ማታ ይሞታል። ያ ልጅም ነፍሰ ገዳይ ይሆናል። ወንድምሽ እጁን ከሰጠ በኋላ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ፣ ከሌላ ደብር የመጡ ካህናትና የአገር ሽማግሌዎች መስቀል ይዘው ይሂዱ። እነሱ ወደ ሟች ቤት ከመሄዳቸው በፊት ግን ወደዚያ ስደተኛ ሰው መልእክተኛ ይላክ፤ ዜናውን ከወሬ ሳይሆን ከእናንተ ይስማ። ቤተሰባችሁ ካሳ ለሁለት ቤት እንዳለበት አስቡ፦ ለሟች ቤትና በሬዎቹን ለሸጠው ሰው ቤት። ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ይረሱታል።

እርቁ ክሱን አያስቀረውም፤ ነፍስ ማጥፋት ሟች ቤት ይቅር ስላለ ብቻ የሚዘጋ ፋይል አይደለም። ይህ ከሃይማኖት ጋር አይጣላም። ፍትሐ ነገሥታችን 51 አንቀጽ ሲሆን 22ቱ መንፈሳዊ፣ የቀሩት ሥጋዊ ፍርድ ናቸው፤ አባቶች ቀኖናንና ዳኝነትን በአንድ መጽሐፍ አስቀምጠው አንዱን በሌላው አልተኩትም። ሙሴ ጸሊም ወንበዴና ነፍሰ ገዳይ ነበር፤ ሰኔ 24 እናስበዋለን። በርበሮች ገዳሙን ሲወሩ «ሽሽ» ቢሉት እምቢ አለ፤ በሰይፍ የሚያጠፉ በሰይፍ ይጠፋሉ የሚለው ቃል እንዲፈጸምበት ብዙ ዓመት እጠብቅ ነበር ብሎ። ቅዱስ ከሆነ በኋላ ነው ይህን ያለው።

ወንድምሽ እምቢ ካለ፣ ያን ጊዜ የምትናገሪው አንቺ ነሽ፤ መጀመሪያም ስለራስሽ ቃል ነው የምትናገሪው። «ከመሸ አልወጣም ያልሁት ሐሰት ነበር» በይ። ከዚያ በላይ ባትዪም ያን ሰው ያወጣዋል። ብቻሽን የሚከብድሽ ከሆነ ደብረ ማርቆስ ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ነይ።

ጋቢውን አታቃጥዪው። ለነዳይም አትስጪው፤ ነዳይ ምን በድሎ ይለብሰዋል? ወንድምሽ ወደ ፖሊስ በሚሄድበት ቀን አውጥተሽ ለእሱ ስጪው፤ እሱ ይያዘው።